ስለ ፒላቴስ ጠይቃችሁናል፦ የታመመ ወገብ፣ የአራስ ሆድ፣ ከጀሶ የወጣ እጅ

ከደሴና ከኮምቦልቻ የደረሱንን ጥያቄዎች በዚህ ዕትም አንድ ላይ አቅርበናል። አብዛኞቹ የሚያጠነጥኑት ከሕመም፣ ከወሊድ ወይም ከስብራት በኋላ ሰውነት እንዴት ወደ አቅሙ እንደሚመለስ ነው። መልሱን ያዘጋጀነው የአምዱ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎች ነን።

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ ውስጥ ልብስ ስፌት ላይ ነው የምሠራው፤ ቀኑን ሙሉ ማሽን ላይ ተቀምጬ እውላለሁ። ወገቤን ካመመኝ ወራት አልፈዋል። ሐኪም አይቶኝ «የጡንቻ ነው፣ ስፖርት ሥሪ» አለኝ። በስልክ የፒላቴስ ቪዲዮ እያየሁ ስጀምር ግን ጭራሽ ባሰብኝ፤ ሕመሙ ወደ መቀመጫዬ ወረደ። ፒላቴስ ለወገብ ጥሩ ነው የሚባለው እውነት ነው? ልተወው ወይስ ልቀጥል?

መልስ፦ ፒላቴስ አተነፋፈስን ከዝግታ እንቅስቃሴ ጋር አጣምሮ የሆድን፣ የወገብንና የመቀመጫን ጡንቻ የሚያጠነክር ስፖርት ነው፤ ለቆየ የወገብ ሕመም ይጠቅማል። ምንም ካለመሥራት ጋር ሲነጻጸር ሕመምን እንደሚቀንስ በጥናት ታይቷል። በአግባቡ ከሚሠሩ ሌሎች የሰውነት እንቅስቃሴዎች ይበልጣል የሚለው ግን አልተረጋገጠም። አይተዉት፤ የሚሠሩትን ግን ይቀይሩ።

በስልክ ከሚታዩት ብዙዎቹ የጤነኛ ሰው እንቅስቃሴዎች ናቸው። ተንጋልሎ ራስንና ትከሻን አንሥቶ እጅን መቶ ጊዜ ማርገብገብ፣ ከተኙበት ጀርባን እየጠቀለሉ ቁጭ ማለት፣ ጉልበትን አቅፎ በጀርባ መንከባለል፣ እነዚህ ሁሉ ወገብን ወደ ፊት ያጎብጣሉ። ቀኑን በማሽን ላይ ጎንበስ ብሎ የዋለ ወገብ ማታም ደጋግሞ ከጎበጠ በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያለው ትራስ (ዲስኩ) ዕረፍት አያገኝም። ሕመሙ ወዴት እንደሚሄድ ልብ ይበሉ። ከወገብ ወደ መቀመጫ፣ ወደ ጭን፣ ወደ ባት እየወረደ ከሆነ እንቅስቃሴው አልተስማማዎትም። ከእግር እየለቀቀ ወደ ወገብ ከተሰበሰበ ግን፣ ወገብ ላይ ለጊዜው ጠንከር ቢልም እንኳ፣ መንገዱ ትክክል ነው።

ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት መጉበጥ ያለበትን ሁሉ ትተው እነዚህን ይሥሩ።

በአተነፋፈስ ይጀመራል። ወለል ላይ ይንጋለሉ፤ ጉልበት ይታጠፍ፣ እግሮች በዳሌ ስፋት ይራራቁ። ወገብዎን ከወለሉ ጋር አያጣብቁት፣ አያቆልምሙትም፤ በተፈጥሮ ያለችው ትንሽ ክፍተት ትኑር። መዳፍዎን በጎድንዎ ላይ አድርገው በአፍንጫ ሲስቡ ጎድን ወደ ጎን ይከፈት። ሲያስወጡ ከእምብርት በታች ያለውን ሆድ በቀስታ ወደ ውስጥ ይሳቡ። ኃይሉ ካለዎት አቅም ሲሦ ያህል ይበቃል። ሆድዎን እንደ ሳቡ ማውራት ካቃተዎት አብዝተውታል። አሥር ጊዜ።

በዚያው አኳኋን ተረከዝዎን ተጭነው መቀመጫዎን ያንሡ፤ 5 ሰከንድ ይቆዩና ቀስ ብለው ያውርዱ፤ ከ8 እስከ 10 ጊዜ። የጭንዎ ኋለኛ ክፍል ከተኮማተረ እግርዎን ወደ መቀመጫዎ ያቅርቡ። ወገብዎን ቆንጠጥ ካደረገዎት ከፍታውን ይቀንሱ። ሥራው የመቀመጫ ጡንቻ ነው፤ ወገብ እየደከመ መቀመጫ ካልደከመ በጣም ከፍ ብለዋል ማለት ነው።

ቀጥሎ እንደ ተንጋለሉ አንዱን እግር ከወለሉ አንድ ስንዝር አንሥቶ መመለስ፣ ከዚያ ሌላውን፤ ለእያንዳንዱ 8 ጊዜ። ከእምብርትዎ በታች የገላ ሳሙና ያስቀምጡ፤ ሳሙናው ከተንሸራተተ ዳሌዎ እየተወዛወዘ ነው፤ ከፍታውንም ፍጥነቱንም ይቀንሱ። ይህ እንቅስቃሴ ቀላል ይመስላል፤ ብዙ ሰው የሚያበላሸው ስለሚቸኩል ነው።

አራተኛው በእጅና በጉልበት ተንበርክኮ ቀኝ እጅንና ግራ እግርን መዘርጋት ነው። ከ6 እስከ 8 ሰከንድ ይቆዩ፤ በየተራ 6 ጊዜ። እግር ከዳሌ ከፍታ አይለፍ፤ ካለፈ ወገብ ይሰረጎዳል፣ ሕመሙም ይቀሰቀሳል። ከእግርና ከእጅ አንዱን ብቻ በማንሣት መጀመር ይቻላል።

ሁሉንም ሁለት ዙር ቢሠሩ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይወስዳል። በሳምንት አራት ወይም አምስት ቀን ይበቃል። በሌሎቹ ቀናት ሜዳ ላይ ግማሽ ሰዓት ይራመዱ። ለውጡን ለመፍረድ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይስጡት፤ በሁለተኛው ሳምንት «አልሠራልኝም» ብሎ መተው በጣም የተለመደና የሚያሳዝን ነገር ነው።

መጠኑ ትክክል መሆኑን የሚነግርዎ የማግስቱ ጠዋት ነው። ሕመምን ከ0 እስከ 10 ይመዝኑ። ሲሠሩ እስከ 3 ቢደርስ ችግር የለውም፤ በማግስቱ ጠዋት ግን ከመጀመርዎ በፊት ወደ ነበረበት መመለስ አለበት። ካልተመለሰ ብዛቱን በግማሽ ይቀንሱ እንጂ አያቁሙ። ቀንሰውም ሁለት ጠዋት በተከታታይ ከባሰብዎት የጠረጠሩትን አንዱን እንቅስቃሴ ያውጡ። ከዚህ በታች ለምንመልሳቸው ጥያቄዎችም ይህን መለኪያ እንጠቀምበታለን።

ሥራ ቦታም የሚደረግ አለ። በየ30 ወይም 40 ደቂቃው ተነሥተው እጅዎን በወገብዎ አድርገው አምስት ጊዜ ወደ ኋላ ዘንበል ይበሉ፤ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ከወገብዎ ኋላ የተጠቀለለ ጨርቅ ያድርጉ። ፔዳሉ ሩቅ ከሆነ ወንበሩን ያስጠጉ። ቤት ሲገቡ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሙሉውን አያንሡ፤ 20 ኪሎ በአንድ ጎን ነው። ሁለት ባለ 10 ሊትር በግራና በቀኝ ይሻላል።

ሽንት እንቢ ካለዎት ወይም ካመለጠዎት፣ በጭንዎ መሐልና በመቀመጫዎ ዙሪያ ከደነዘዘዎት፣ የእግርዎ መዳፍ አልነሣ ካለ በዚያው ቀን ሆስፒታል ይሂዱ። ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ፣ ክብደት መቀነስ፣ ተኝተው እንኳ የማይለቅ ሕመም ካለም ስፖርቱን አቁመው ይመርመሩ። የአከርካሪ ቲቢ በአገራችን አለ፤ መድኃኒት እንጂ እንቅስቃሴ አያድነውም።

ጥያቄ፦ ደሴ ነው የምኖረው። በኦፕራሲዮን ከወለድኩ ሰባተኛ ሳምንቴ ነው። ሆዴ አልገባም፤ ከተኛሁበት ስነሣ መሐሉ እንደ ሸንተረር ብቅ ይላል። እናቴ በመቀነት ጠበቅ አድርገሽ እሰሪ ትለኛለች፣ ጓደኞቼ ሲት አፕ ሥሪ ይሉኛል። ሳስነጥስ ደግሞ ሽንት ያመልጠኛል፤ ለማንም አልተናገርኩም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ አብሽሪ እኅታችን፤ የጻፍሽው ሁለቱም ነገር በወለዱ ሴቶች ላይ በብዛት የሚታይ ነው። በተለይ ሽንት ማምለጡን ብዙዎች በሆዳቸው ይዘውት ዓመታት ይኖራሉ፤ በመናገርሽ ደስ ብሎናል።

ብቅ የሚለው የሆድ ጡንቻ ግራና ቀኙ በእርግዝና ጊዜ ስለተራራቀ ነው። ራስሽ መለካት ትችያለሽ። ተንጋለይ፣ ጉልበትሽን እጠፊ፣ ጣቶችሽን እምብርትሽ ላይ በአግድም አድርጊና ራስሽን ብቻ ከትራሱ ትንሽ አንሺ። በሁለቱ ጡንቻዎች ጠርዝ መካከል ስንት ጣት ይገባል? ከእምብርት በላይና በታች ሁለት ሁለት ጣት በሚያህል ርቀትም ድገሚው። እስከ ሁለት ጣት ስፋት ብዙ አያሳስብም። ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ወይም ጣትሽ ያለ ምንም መቋቋም ወደ ውስጥ ጥልቅ የሚል ከሆነ፣ ሥራው ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል፤ ፊዚዮቴራፒስት ብታይሽ ጥሩ ነው።

ሲት አፕ ለአሁኑ አይሆንም። ሸንተረሩ ብቅ ባለ ቁጥር የላላው መሐል እየተገፋ ነው። ከአልጋ ስትነሺም መጀመሪያ በጎንሽ ዙሪና በክንድሽ ተደግፈሽ ተነሺ። ይህችን አንዷን ብቻ ማስተካከል ቀኑን ሙሉ ሆድሽን ከመገፋት ታድነዋለች።

ስለ መቀነቱ እናትሽ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ለስለስ ያለና ሰፋ ያለ መቀነት ዳሌንና የሆድን ታች ሲደግፍ መራመድን ያቀላል፣ ቁስሉንም ያሳርፋል። ችግሩ «ጠበቅ» ላይ ነው። ውኃ የያዘ ፌስታል መሐሉን ሲጨብጡት ወደ ላይና ወደ ታች እንደሚወጠር፣ ወገብ ላይ የጠበቀ መቀነትም ግፊቱን ወደ ታች ወደ ማሕፀንና ወደ ሽንት ፊኛ ይልካል፤ ሽንት ለሚያመልጣት ሴት ይህ ያባብስባታል። ስትተነፍሺ ጎድንሽ ካልተከፈተ ጠብቋል ማለት ነው። ሌሊት ፍቺው። መቀነት ጡንቻ አያጠነክርም፤ ስለዚህ አሁን ከሰባተኛው ሳምንት ወዲያ ቀስ በቀስ እየተውሽው ሂጂ።

የዳሌ ወለል ጡንቻ የሚባለው ሽንትንና ዓይነ ምድርን የሚይዘው ነው። በጎንሽ ተኝተሽ፣ ጋዝ እንዳይወጣ እንደምትይዢና ሽንት እንደምታቆሚ አድርገሽ ወደ ውስጥና ወደ ላይ ሳቢው። 5 ሰከንድ ያዢ፣ ከዚያ 5 ሰከንድ ሙሉ በሙሉ ልቀቂ። አሥር ጊዜ፣ በቀን ሦስት ጊዜ፤ ቢያንስ ለሦስት ወር። መልቀቁ ከመያዙ እኩል ያስፈልጋል። ትንፋሽሽን አትያዢ፣ መቀመጫሽና ጭንሽ አይጠንክሩ። ሽንት እየሸናሽ አቋርጠሽ አትለማመጂ፤ ፊኛው በደንብ እንዳይወጣለት ያደርጋል። ሊያስነጥስሽ ሲል ቀድመሽ ሳቢው፤ በጥቂት ሳምንታት ልምድ ይሆናል።

ለሆድሽ ለወገብ ሕመም ከዘረዘርነው ውስጥ አተነፋፈሱን፣ መቀመጫ ማንሣቱንና ከወለል አንድ እግር ማንሣቱን በዚህ ቅደም ተከተል ሥሪ። ሐኪምሽ ቁስሉን አይቶ መፍቀዱን አረጋግጪ። እጅሽን ሆድሽ መሐል አድርጊ፤ ሸንተረሩ ከተነሣ ወደ ቀደመው እንቅስቃሴ ተመለሺ። ጠባሳው ከደረቀና ከተዘጋ በኋላ በጣት ጫፍ ወደ ላይ፣ ወደ ታችና ወደ ጎን ለሁለት ደቂቃ ማንቀሳቀስ ከሥሩ እንዳይጣበቅ ይረዳል። ዝላይና ሩጫ እስከ ሦስተኛው ወር ይቆዩ። ቡሀቃና ጀሪካን ቤተሰብ ያንሣልሽ፤ ለጊዜው ከልጅሽ የከበደ ነገር አትሸከሚ።

ቁስሉ ከቀላ ወይም መግል ካወጣ፣ ትኩሳት ካለሽ፣ ደም ከቆመ በኋላ በብዛት ከተመለሰ፣ አንድ ባትሽ አብጦ ካመመሽ ሳትውዪ ሳታድሪ ወደ ሐኪም ሂጂ። በብልትሽ በኩል ወደ ታች የሚወርድ ወይም የሚጎተት ነገር ከተሰማሽም ተመርመሪ፤ ይህ አያሳፍርም፣ ሕክምናም አለው።

ጥያቄ፦ ከባጃጅ ወድቄ የእጄ አንጓ ተሰብሮ ስድስት ሳምንት በጀሶ ነበር። ጀሶው ከተፈታ በኋላ እጄ አልታጠፍ ብሏል። ወጌሻ አሽቶ ያፍታታህ ይሉኛል። (ኮምቦልቻ)

መልስ፦ አይታሹ። ገና የጠገነ አጥንት በኃይል ሲጠመዘዝ እንደገና ሊሰበር ይችላል። ጅማቱም ይቆጣል፤ እብጠቱ ሲጨምር ግትርነቱ ይብሳል። ግትር የሆነ አንጓ የሚፈታው ቀላል ነገር በቀን ብዙ ጊዜ ሲሠራ ነው።

እጅዎን ለብ ባለ ውኃ ውስጥ ለ10 ደቂቃ ያቆዩና ጣቶችዎን ሙሉ በሙሉ ይጨብጡ፣ ይዘርጉ፤ 10 ጊዜ። ከዚያ ክንድዎን ጠረጴዛ ላይ አስደግፈው መዳፍዎ ከጠርዙ ውጭ ይንጠልጠል፤ ወደ ታችና ወደ ላይ በራሱ ኃይል ይሂድ፤ 10 ጊዜ። ክርንዎን ከጎንዎ አጣብቀው ማማሰያ ይያዙና መዳፍዎን ወደ ላይና ወደ ታች ያገላብጡ፤ ማማሰያውን ወደ ጫፉ በያዙት ቁጥር ይከብዳል፣ ስለዚህ መሐሉን ይዘው ይጀምሩ። እንቅስቃሴዎቹን በቀን አምስት ጊዜ፣ በእያንዳንዱ አምስት ደቂቃ። በእጅ ተደግፎ የሚሠራ የፒላቴስ እንቅስቃሴ ሁሉ አጥንቱ በኤክስሬይ መጠንከሩ እስኪታይ ይቆይ፤ ብዙውን ጊዜ ከተሰበረበት ቀን እስከ 12 ሳምንት ይደርሳል። እጅዎ ካበጠ፣ ቀለሙ ከተለወጠ፣ ከመጠን በላይ ካላበና ሲነካ የሚያቃጥል ከሆነ ሳይዘገዩ ሐኪምዎ ዘንድ ይመለሱ።

ጥያቄ፦ አባቴ 68 ዓመታቸው ነው። የጉልበት መገጣጠሚያ መሳሳት ነው ተብለው መድኃኒት ይወስዳሉ። ቤታችን ጦሳ ተራራ ሥር ዳገት ላይ ነው፤ መውረድ ያሠቃያቸዋል። ከሁሉ የከበዳቸው ሶላት ላይ ሱጁድ ወርደው መነሣት ነው። ስፖርት ጉልበታቸውን አይጨርሰውም? (ደሴ)

መልስ፦ አይጨርሰውም፤ ቁጭ ማለት ነው የሚጎዳቸው። ከጉልበት በላይ ያለው የጭን ፊት ጡንቻ ሲሰንፍ ጭነቱን የሚሸከመው መገጣጠሚያው ብቻውን ይሆናል። ቁልቁለት የሚያሠቃያቸውም ለዚህ ነው፤ በሚወርዱበት ጊዜ ይህ ጡንቻ እየተዘረጋ ክብደታቸውን መያዝ አለበት።

የደሴ ጠዋት ብርድ ነው፣ መገጣጠሚያም ጠዋት ይደርቃል። እንቅስቃሴውን ረፋድ ላይ፣ ቤት ውስጥ ጥቂት ከተንጎራደዱ በኋላ ያድርጉት። እግራቸውን ዘርግተው ይቀመጡ፤ የተጠቀለለ ፎጣ ከጉልበት ሥር ያድርጉና ፎጣውን ወደ ታች ይጫኑት፤ 5 ሰከንድ፣ 10 ጊዜ። ከዚያ ተንጋልለው አንዱን ጉልበት አጥፈው ሌላውን እግር ሳያጥፉ አንድ ክንድ ያህል ያንሡት፤ 3 ሰከንድ፣ 10 ጊዜ በየእግሩ። ትንፋሽ መያዝ የለም፤ በተለይ የደም ግፊት ካለባቸው እያነሡ ድምፃቸውን አውጥተው ይቁጠሩ።

ዋናው ከወንበር መነሣትና መቀመጥ ነው። ወንበሩ ግድግዳ የተደገፈ፣ ከፍ ያለ ይሁን፤ ዝቅ ካለ መከዳ ይጨመርበት። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣምረው ይነሡና በሦስት ቆጠራ ቀስ ብለው ይቀመጡ። ዘጭ ብሎ መቀመጥ የእንቅስቃሴውን ግማሽ ጥቅም ያጠፋዋል። ጉልበታቸው ወደ ውስጥ አይግባ፤ በሁለተኛው የእግር ጣት አቅጣጫ ይሁን። በአምስት ይጀምሩና ወደ 12 ያድርሱት፤ ሁለት ዙር፣ በሳምንት ሦስት ቀን። 12 ከቀለላቸው መከዳውን ያውጡት። መለኪያው ያው የማግስቱ ጠዋት ነው፤ ጉልበታቸው አብጦ ካደረ በዝቷል።

ስለ ሱጁድ፦ ሕመሙ በበረታበት ሰሞን ወንበር ላይ ሆኖ መስገድን ሃይማኖቱ ለታመመ ሰው የፈቀደው ነው፤ አባትዎ ይህን ከኛ በላይ ያውቁታል። ወደ መሬት መመለስ ሲፈልጉ ግን መንገድ አለው። ወፍራም ብርድ ልብስ ለአራት ታጥፎ ከጉልበት ሥር ይነጠፍ። ሲወርዱ ጠንካራ ወንበር በጎናቸው ይኑር፤ የባሰበትን ጉልበት አስቀድመው ያሳርፉ። ሲነሡ የተሻለውን እግር ከፊት ተክለው፣ ወንበሩን ተጭነው ይነሡ። መጀመሪያ ከሶላት ውጭ በቀን ሦስት ጊዜ ብቻ ይለማመዱት። ከሱጁድ በኋላ ተረከዝ ላይ መቀመጡ ጉልበትን ከሁሉ በላይ ስለሚያጥፈው፣ በተረከዝና በመቀመጫ መካከል ትራስ ይግባ፤ ትራሱን በሳምንታት ውስጥ እያሳነሱ ይሂዱ። በኦርቶዶክስ ስግደት የተቸገሩ አንባቢዎቻችንም ይህንኑ መንገድ መከተል ይችላሉ።

ለቁልቁለቱ፣ ምርኩዙን ከታመመው ጉልበት በተቃራኒ እጅ ይያዙ። ብዙ ሰው በታመመው በኩል ይይዛል፤ ጭነቱን አይቀንስላቸውም። ደረጃ ሲወጡ የተሻለው እግር ይቅደም፣ ሲወርዱ የታመመው ከምርኩዙ ጋር ይቅደም። ክብደት ካላቸው ደግሞ አንድ ኪሎ ሲቀንሱ ጉልበት በእያንዳንዱ እርምጃ አራት ኪሎ ያህል ይቀልለዋል። ጉልበቱ በድንገት ከጋለ፣ ከቀላና ትኩሳት ካመጣ ይህ የመሳሳት አይደለም፤ ወደ ሐኪም ይውሰዷቸው።

ጥያቄ፦ ፒላቴስ በማሽን ካልሆነ አይጠቅምም ይባላል። ማሽን ያለው ቦታ አላገኘሁም፤ ቤት ውስጥ በምን ልተካው? (ደሴ)

መልስ፦ ያለ ማሽንም ይጠቅማል። ዘዴውን የፈጠረው በ1883 በጀርመን የተወለደው ጆሴፍ ፒላቴስ ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት በእንግሊዞች ታግቶ ቆይቷል፤ በኋላም ወደ ኒውዮርክ ሄዶ አስተምሯል። ስሙ ከማሽኑ ጋር ቢነሣም የወለል እንቅስቃሴዎቹም የእሱው ናቸው። ሪፎርመር የሚባለው ማሽን በስፕሪንግ የሚሳብ ተንሸራታች አልጋ ነው። ስፕሪንጉ ለደካማ ሰው አካሉን ይደግፍለታል፣ ለጠንካራ ሰው ደግሞ ይከብድበታል፤ ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው።

ያን መሳብ በከፊል የሚተካልዎ ከመነዳሪ ነው። ከብስክሌት ጠጋኝ አሮጌ ከመነዳሪ ይውሰዱ፤ መንፊያው ያለበትን ክፍል ቆርጠው ያውጡ፣ በሳሙና ይጠቡት፣ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ያስቀሩ። የባጃጁ ይከብዳል፤ እሱን በቁመቱ ሰንጥቀው በሦስት ጣት ስፋት ይጠቀሙበት።

ተቀምጠው እግርዎን ዘርግተው መሐሉን በጫማዎ ሥር ያሳልፉና ክርንዎን ወደ ኋላ ይሳቡ፤ 12 ጊዜ። ትከሻ ወደ ጆሮ ከወጣ በጣም አጥብቀውታል። ተንጋልለው አንድ እግርዎን አጥፈው ከመነዳሪውን በጫማዎ ሥር አድርገው፣ ጫፎቹን በእጅዎ ይዘው እግርዎን በሰያፍ ወደ ፊት ይግፉ፤ ሲመልሱ ከገፉበት ሁለት እጥፍ ይዘግዩ። ሁለተኛው ከጉልበት ጉዳት ለሚያገግሙ በጣም ጥሩ ነው።

አደጋው መንሸራተት ነው፤ ከመነዳሪ ከእግር አምልጦ ዓይን ሊመታ ይችላል። ጫማ ያድርጉ፤ በጫማው ዙሪያ አንድ ጊዜ ይጠምጥሙት። ከመጀመርዎ በፊት በእጅዎ ወጥረው ስንጥቅ ይፈልጉ፤ ካለ ይጣሉት። በበር እጀታ ላይ አይሠሩት፤ በሩ ሊከፈት ይችላል። የሚተኙበትም ስፖንጅ ፍራሽ አይሁን፤ ወገብ ይሰምጥበታል፣ የተማሩት አኳኋን ሁሉ ይጠፋል። ሰሌን ላይ ለሁለት የታጠፈ ብርድ ልብስ በቂ ነው።